በጎደለው መለካት፦ የማኅበርን መሬት፣ ጉልበትና ማዳበሪያ በስሌት ስለ መደልደል

መግቢያ

የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት የክረምቱ ዝናብ ከመግባቱ በፊት በየዓመቱ አንድ ከባድ ጥያቄ ይገጥማቸዋል። ይኸውም ካላቸው መሬት ስንቱን ለጤፍ፣ ስንቱን ለስንዴ፣ ስንቱን ለጥራጥሬ እናውል? የሚል ነው። ብዙ ጊዜ መልሱን የሚሰጠው ያለፈው ዓመት የገበያ ዋጋ ነው። ጤፍ ተወዶ ከሆነ ሁሉም ወደ ጤፍ ያዘነብላል። ነሐሴ ሲደርስ ግን አረሙ ከሠራተኛው ቁጥር በላይ ይሆንና፣ ታርሶ፣ ተዘርቶ፣ ማዳበሪያም ወጥቶበት የነበረ ማሳ በአረም ተውጦ ይቀራል። ማዳበሪያው በብድር የተገዛ እንደሆነ ሰብሉ ቢጠፋም ዕዳው አይጠፋም።

ይህን የመሰለው ኪሳራ የሚደርሰው ከስንፍና የተነሣ አይደለም። በዕቅዱ ጊዜ ያልተጠየቀ አንድ ጥያቄ ስላለ ነው። በዚህ ጽሑፍ የልማት ጣቢያ ሠራተኞችና የማኅበራት ሥራ አመራር ኮሚቴዎች በእርሳስ፣ በማስመሪያና በሒሳብ ደብተር ብቻ ሊሠሩበት የሚችሉትን የድልድል ዘዴ እናስረዳለን። ዘዴው የቆመበት አሳብ አንድ ነው። ይኸውም ትርፍ መለካት ያለበት በሄክታር ብቻ ሳይሆን፣ ከሁሉ አስቀድሞ በሚያልቀው ነገር ነው።

ሀ/ አሳቡ ከየት መጣ

አሳቡ ለእርሻ ሰው እንግዳ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዘመን ጀርመናዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ዩስቱስ ፎን ሊቢግ ባስፋፋው ትምህርት መሠረት፣ የአንድ ሰብል ዕድገት የሚወሰነው በአፈሩ ውስጥ በበዛው ንጥረ ነገር ሳይሆን ከሚያስፈልገው አንጻር እጅግ ባነሰው ንጥረ ነገር ነው። ፎስፎረስ በጎደለው መሬት ላይ ዩሪያ ቢቈለል የሚገባውን ያህል ጥቅም እንደማይሰጥ የልማት ሠራተኞች ሁሉ ያውቃሉ። ለማኅበር ሥራም ሕጉ ይኸው ነው። ጉልበት በጎደለበት ማኅበር ላይ ማዳበሪያ ቢጨመር ምርቱ አይጨምርም።

ይህን አሳብ በሒሳብ መልክ ያቀረበው የሌኒንግራዱ የሒሳብ ሊቅ ሊዮኒድ ካንቶሮቪች ነው። አንድ የኮምፖርሳቶ ጣውላ ድርጅት ማሽኖቹን ለልዩ ልዩ ሥራ እንዴት ቢደለድል ብዙ ምርት እንደሚያገኝ ጠይቆት ስለ ነበር፣ መልሱን እ.ኤ.አ. በ1939 በጽሑፍ አወጣ። በአሜሪካም ጆርጅ ዳንትዚግ ለአየር ኃይሉ ሲሠራ እ.ኤ.አ. በ1947 ብዙ ገደብ ያለበትን ድልድል ደረጃ በደረጃ የሚፈታ ስሌት አዘጋጀ። ዘዴው ሊኒየር ፕሮግራሚንግ ተባለ። ካንቶሮቪችም ከቲያሊንግ ኩፕማንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1975 የኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ዛሬ ፋብሪካዎች፣ አየር መንገዶችና የከብት መኖ አቀነባባሪዎች በዚሁ ዘዴ ይሠራሉ። ሰብሎቹ ሁለት ብቻ ሲሆኑ ግን ኮምፒዩተር ሳያስፈልግ በወረቀት ላይ በሥዕል ሊሠራ ይችላል።

ለ/ ለስሌቱ የሚያስፈልጉ መረጃዎች

ሦስት ዓይነት መረጃ ያስፈልጋል።

1ኛ/ ማኅበሩ ያለው ምን ያህል ነው? መሬቱ በሄክታር፣ ማዳበሪያው በኩንታል፣ ጉልበቱም በሰው ቀን ይጻፋል። የሰው ቀን ስንል አንድ ሠራተኛ በአንድ ቀን የሚሠራውን ሥራ ማለታችን ነው።

ጉልበት ሲቈጠር የዓመቱ ድምር አይጠቅምም። መቈጠር ያለበት ሥራ እጅግ በሚደራረብበት ወር ነው። በጥር የተረፈ ጉልበት በነሐሴ አያርምም። ከወሩ 30 ቀናት ላይም ሰንበትን፣ እንደ አካባቢው ልማድ ሥራ የማይሠራባቸውን በዓላት፣ የገበያ ቀንንና ዝናብ የሚያውልባቸውን ቀኖች መቀነስ ይገባል። በማረም ሥራ የሴቶች ድርሻ በብዙ አካባቢ ከፍተኛ ስለሆነ፣ ሴቶቹን ሳይጠይቁ የተደረገ የጉልበት ቈጠራ አይታመንም። ውኃ የሚቀዱት፣ እንጨት የሚለቅሙትና ምግብ የሚያዘጋጁትም እነርሱ ስለሆኑ ሙሉ ቀን በማሳ ላይ እንደሚውሉ አድርጎ መጻፍ ስሕተት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መገንዘብ ያስፈልጋል። ደቦና ወንፈል ጉልበትን ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው ያዛውራሉ፤ ሥራውንም ያደምቁታል። የሁሉም ማሳ አረም በአንድ ሳምንት ከደረሰ ግን የማኅበሩን የሰው ቀን በድምሩ አይጨምሩትም።

2ኛ/ አንድ ሄክታር ሰብል ምን ያህል ይፈልጋል? ለእያንዳንዱ ሰብል የማረሚያው የሰው ቀንና የማዳበሪያው መጠን ይጠየቃል። አንድ ጎበዝ ገበሬ ብቻ ተጠይቆ መጻፍ የለበትም። ጎበዙም፣ መካከለኛውም፣ አቅም ያነሰውም ተጠይቀው የመካከለኛው አኃዝ ቢያዝ ይሻላል።

3ኛ/ አንድ ሄክታር ምን ያህል የተጣራ ገቢ ያስገኛል? ከምርቱ ዋጋ ላይ የዘር፣ የማዳበሪያ፣ የመድኃኒትና የማጓጓዣ ወጪ ይቀነሳል። የአባሎች የራሳቸው ጉልበት ግን አይቀነስም። ዋጋው ማኅበሩ በእርግጥ በሚሸጥበት ወር ያለው ይሁን። ምርቱ በጥር የሚሸጥ ከሆነ የሐምሌን ዋጋ መጻፍ ራስን ማታለል ነው።

ሐ/ ምሳሌ

አንድ ማኅበር እንውሰድ። ከዚህ በታች ያሉት አኃዞች ስሌቱ እንዲቀል ብለን የመረጥናቸው ናቸው። ስለዚህ እያንዳንዱ ማኅበር በእነርሱ ፈንታ የራሱን ማስገባት አለበት።

ማኅበሩ ለሰብል ፈረቃ ሲል ባቄላ የሚዘራበትን መሬት አስቀድሞ ለይቷል። የባቄላው ጉልበትም ተነሥቶለታል። ለጤፍና ለስንዴ የቀረው የሚከተለው ነው።

መሬት፦ 40 ሄክታር
የነሐሴ ጉልበት፦ 50 ሠራተኛ በ18 የሥራ ቀን፣ ማለት 900 የሰው ቀን
ማዳበሪያ፦ 105 ኩንታል

አንድ ሄክታር ጤፍ ለማረሚያ 30 የሰው ቀን፣ ለማዳበሪያ 1.5 ኩንታል ይፈልጋል፤ 60,000 ብር የተጣራ ገቢ ይሰጣል።
አንድ ሄክታር ስንዴ ለማረሚያ 15 የሰው ቀን፣ ለማዳበሪያ 3 ኩንታል ይፈልጋል፤ 48,000 ብር የተጣራ ገቢ ይሰጣል።

በሄክታር ሲለካ ጤፍ በ12,000 ብር ይበልጣል። ስለዚህ 40ውም ሄክታር ጤፍ ይሁን የሚል አሳብ በስብሰባ ላይ በቀላሉ ሊያሸንፍ ይችላል። ነገር ግን 40 ሄክታር ጤፍ ለማረም 1,200 የሰው ቀን ያስፈልጋል። ያለው 900 ነው። የሚታረመው 30 ሄክታር ብቻ ስለሆነ 10 ሄክታር ለአረም ይቀራል። በእርሱም ላይ የወጣው 15 ኩንታል ማዳበሪያ የአረም ቀለብ ይሆናል።

በማረሚያ ጉልበት ሲለካ ደግሞ መልሱ ይገለበጣል። ጤፍ ለአንድ የሰው ቀን 2,000 ብር ሲሰጥ ስንዴ 3,200 ብር ይሰጣል። በማዳበሪያ ቢለካ እንደገና ጤፍ ይበልጣል፤ ለአንድ ኩንታል ጤፍ 40,000 ብር፣ ስንዴ 16,000 ብር ይሰጣልና። እንግዲህ የትኛው ሰብል ይሻላል? የሚለው ጥያቄ ብቻውን መልስ የለውም። በቅድሚያ የሚያልቀው የትኛው ነው? ተብሎ መጠየቅ አለበት።

መ/ በሥዕል መሥራት

በአራት ማዕዘን በተከፋፈለ የሒሳብ ደብተር ላይ ሁለት መስመር ይሠመር። የተጋደመው መስመር የጤፍ ሄክታር፣ የቆመው መስመር የስንዴ ሄክታር ይሁን። ከዚያ ለእያንዳንዱ ገደብ አንድ መስመር ይሠመራል።

የመሬት መስመር፦ መሬቱ ሁሉ ጤፍ ቢሆን 40፣ ሁሉ ስንዴ ቢሆንም 40 ነው። ሁለቱ ነጥቦች በማስመሪያ ይገናኙ።

የጉልበት መስመር፦ 900 የሰው ቀን ለጤፍ ብቻ ቢውል 900 ለ30 ሲካፈል 30 ሄክታር ያርማል። ለስንዴ ብቻ ቢውል 900 ለ15 ሲካፈል 60 ሄክታር ያርማል። ከጤፍ 30 እስከ ስንዴ 60 ይሠመር።

የማዳበሪያ መስመር፦ 105 ኩንታል ለጤፍ ብቻ ቢሆን ለ70 ሄክታር፣ ለስንዴ ብቻ ቢሆን ለ35 ሄክታር ይበቃል። ከጤፍ 70 እስከ ስንዴ 35 ይሠመር።

ከሦስቱም መስመሮች በታች የሚገኘው ቦታ ማኅበሩ ሊፈጽማቸው የሚችላቸውን ዕቅዶች ሁሉ ይዟል። ከአንዱም መስመር በላይ የሆነ ዕቅድ በወረቀት ላይ ቢጻፍም በማሳ ላይ አይፈጸምም። ከፍተኛው ገቢ ሁልጊዜ በዚህ ቦታ ማዕዘኖች በአንዱ ላይ ይገኛል። ስለዚህ በሺህ የሚቈጠሩ ዕቅዶችን መመርመር ሳያስፈልግ ማዕዘኖቹን ብቻ ማስላት ይበቃል።

ምንም ካልተዘራበት ማዕዘን ሌላ በምሳሌያችን አራት ማዕዘኖች አሉ።

1ኛ/ ጤፍ 30፣ ስንዴ 0። ገቢ 1,800,000 ብር። 10 ሄክታር ጦም ያድራል።
2ኛ/ ጤፍ 20፣ ስንዴ 20። ገቢ 2,160,000 ብር።
3ኛ/ ጤፍ 10፣ ስንዴ 30። ገቢ 2,040,000 ብር።
4ኛ/ ጤፍ 0፣ ስንዴ 35። ገቢ 1,680,000 ብር። 5 ሄክታር ጦም ያድራል።

የሚሻለው ዕቅድ 2ኛው ነው። ማረጋገጫውም እንደሚከተለው ነው። ለ20 ሄክታር ጤፍ 600፣ ለ20 ሄክታር ስንዴ 300፣ በድምሩ 900 የሰው ቀን፤ ይህም ካለው ጋር እኩል ነው። መሬቱም 40 ሄክታር ሆኖ ያልቃል። ማዳበሪያው 30 እና 60፣ በድምሩ 90 ኩንታል ሲሆን 15 ኩንታል ይተርፋል።

ይህን 40 ሄክታር ጤፍ ከሚለው ዕቅድ ጋር እናስተያየው። ያልታረመው 10 ሄክታር ወጪውን ብቻ ቢመልስ እንኳ የማኅበሩ ገቢ 1,800,000 ብር ይሆናል። ልዩነቱ 360,000 ብር ነው። ይህ ገንዘብ የተገኘው አዲስ ማሽን ሳይገዛ፣ አዲስ ብድርም ሳይወሰድ፣ በድልድል ብቻ ነው።

ሠ/ ምን ቢጨመር ይጠቅማል?

ስሌቱ ከድልድሉ ሌላ ሁለተኛ ጥቅም አለው። ማኅበሩ ገንዘብ ቢኖረው በምን ላይ ቢያውለው እንደሚሻል ያመለክታል።

በተመረጠው ዕቅድ ማዳበሪያ ስለተረፈ ሌላ ማዳበሪያ መጨመር ምንም አያስገኝም። እንዲያውም የተረፈው 15 ኩንታል አስቀድሞ ባይገዛ የብድሩ ወለድ ይድናል። መሬትና ጉልበት ግን ሁለቱም አልቀዋል። ጉልበት ቢጨመር ምን ይገኛል? 15 የሰው ቀን ሲጨመር አንድ ሄክታር ከስንዴ ወደ ጤፍ ሊዛወር ይችላል፤ ገቢውም በ12,000 ብር ያድጋል። 12,000 ለ15 ሲካፈል 800 ይሆናል። እንግዲህ በነሐሴ የሚገኝ አንድ ተጨማሪ የሰው ቀን ለዚህ ማኅበር 800 ብር ያወጣል ማለት ነው።

ይህ 800 ብር ለውሳኔ መለኪያ ይሆናል። የቀን ሠራተኛ ከነምግቡ ከ800 ብር ባነሰ የሚገኝ ከሆነ መቅጠር ያዋጣል፤ ከዚያ የሚበልጥ ከሆነ አያዋጣም። ለምሳሌ 150 የሰው ቀን በ450 ብር ቢቀጠር ወጪው 67,500 ብር ነው። ዕቅዱ ወደ 30 ሄክታር ጤፍና 10 ሄክታር ስንዴ ይለወጣል። ገቢው 2,280,000 ብር ስለሚሆን በ120,000 ብር ያድጋል። ደመወዙ ተከፍሎ 52,500 ብር ይተርፋል። የጤፍ ዘሩና የማሳ ዝግጅቱ የሚለወጠው አስቀድሞ ስለሆነ፣ ሠራተኛ እንደሚገኝ ከመዝራት በፊት መረጋገጥ አለበት።

ጉልበትን የሚያድን ሌላ ዘዴም በዚሁ ሊመዘን ይችላል። የማረሻውን ጊዜ ጠብቆ ደጋግሞ ማረስ አረምን ይቀንሳል። ቱ ፎር ዲ በጤፍና በስንዴ ውስጥ የሚበቅለውን ሰፋፊ ቅጠል አረም ያጠፋል፤ የሣር ዓይነት አረም ግን አያጠፋም። በነፋስ ወደ ባቄላ ማሳ ከደረሰም ይጎዳዋል። የመድኃኒቱና የርጭቱ ወጪ ተደምሮ፣ የሚያድነው የሰው ቀን ወደ ስሌቱ ገብቶ፣ ማዕዘኖቹ እንደገና ይሰሉ።

ረ/ ዋጋ ቢለዋወጥስ?

በስብሰባ ላይ ብዙ ጊዜ የሚፈጀው በመጪው ዓመት ዋጋ ላይ የሚደረገው ክርክር ነው። ስሌቱ ክርክሩን ያሳጥራል። በምሳሌያችን የስንዴ የተጣራ ገቢ 48,000 ብር ሆኖ ቢቈይ፣ የጤፍ ገቢ ከ48,000 እስከ 96,000 ብር ባለው መካከል እስከሆነ ድረስ ከማዕዘኖቹ ሁሉ የሚበልጠው 20 በ20 የሆነው ዕቅድ ነው። ጤፍ ከ48,000 በታች ከወረደ ከ2ኛው ይልቅ 3ኛው ዕቅድ ይሻላል። ከ96,000 በላይ ከወጣ ደግሞ 10 ሄክታር ጦም አሳድሮም ቢሆን 30 ሄክታር ጤፍ ብቻ መዝራት ይሻላል።

ስለዚህ ኮሚቴው ዋጋውን በትክክል መተንበይ አይጠበቅበትም። ዋጋው ከእነዚህ ወሰኖች ይወጣል ወይስ አይወጣም? ብሎ መጠየቅ ይበቃዋል። ትክክለኛውን ዋጋ ከማወቅ ይህን መመለስ ይቀላል።

ሰ/ ከማሳ ውጭም ይሠራል

ተከታትለው በሚሠሩ ሥራዎችም ሕጉ ያው ነው። አንድ ማኅበር በቀን 60 ኩንታል የሚወጣው ሰብል ያጭዳል፣ 40 ኩንታል የሚወጣውን ወደ ውድማ ያጓጉዛል፣ የመውቂያ ማሽኑም በቀን 50 ኩንታል ይወቃል እንበል። ማኅበሩ በቀን የሚያገኘው 40 ኩንታል ብቻ ነው። ሁለተኛ የመውቂያ ማሽን ቢከራይ፣ ተጨማሪ አጫጅም ቢቀጥር ያው 40 ነው። አጫጁ በበዛ ቁጥር ነዶው በማሳ ላይ ለምስጥ፣ ለአይጥና ላልታሰበ ዝናብ ይጋለጣል።

አህያና ጋሪ ተጨምሮ መጓጓዣው 50 ኩንታል ቢደርስ ግን የቀኑ ውጤት 50 ይሆናል። 1,200 ኩንታል ለመውቃት 30 ቀን ይፈጅ የነበረው በ24 ቀን ያልቃል። ከ50 በላይ ሲታሰብ ደግሞ ማነቆው መውቂያው ይሆናል። ማነቆ አንድ ቦታ ላይ ሲፈታ ወደ ሌላ ቦታ ስለሚዛወር ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ እንደገና መፈለግ ያስፈልጋል።

ሸ/ ጥንቃቄ

ስሌቱ መሪ እንጂ አዛዥ አይደለም። ከዚህ በታች ያሉትን ማሰብ ይገባል።

1ኛ/ የቤተሰብ ቀለብ። ለቤት የሚያስፈልገው የጤፍ ወይም የስንዴ መጠን እንደ አንድ ገደብ ይጻፍ። ለምሳሌ ጤፍ ከ12 ሄክታር እንዳያንስ ከተወሰነ፣ በሥዕሉ ላይ በ12 ላይ የቆመ መስመር ይሠመርና ከእርሱ በስተግራ ያለው ቦታ ይተው።

2ኛ/ የሰብል ፈረቃ። ጥራጥሬ የሚዘራበት መሬት በቅድሚያ ይነሣ። አንድ ሰብል ለአንድ ዓመት ብዙ ገቢ ስለሰጠ ብቻ በየዓመቱ በአንድ ማሳ ላይ መመላለስ የለበትም።

3ኛ/ አደጋ። ዝናብ ሊዘገይ፣ ዋግ ስንዴን ሊመታ ይችላል። የሁለት ማዕዘኖች ገቢ ተቀራራቢ ከሆነ ሰብሎቹ የተመጣጠኑበት ይመረጥ። በምሳሌያችን 300 የሰው ቀን በመቅጠር 40ውንም ሄክታር ጤፍ ማድረግ በስሌት ይቻላል፤ ሁሉን በአንድ ሰብል ላይ ማሳረፍ ግን አይመከርም።

4ኛ/ የመሬት ልዩነት። ስሌቱ ሄክታሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው ብሎ ይነሣል። ጥቁር መረሬና ቀይ አፈር ያለው ማኅበር ሁለቱን ለያይቶ መጻፍ አለበት። ሰብሉ ከሁለት በላይ ወይም የመሬቱ ዓይነት ከአንድ በላይ ሲሆን በሥዕል መሥራት ስለማይቻል፣ መረጃው ተጠናቅሮ በኮምፒዩተር እንዲሰላ ለወረዳው የግብርና ጽሕፈት ቤት ወይም በአቅራቢያ ላለ የምርምር ማዕከል ይቅረብ።

ቀ/ የሥራው ቅደም ተከተል

በመጋቢትና በሚያዝያ፦ የሠራተኛው ቁጥር፣ የሥራው ቀንና የአንድ ሄክታር ፍላጎት ከአባሎች ይጠየቅ።
በሚያዝያ መጨረሻ፦ መስመሮቹ ይሠመሩ፣ የማዕዘኖቹም ገቢ ይሰላ።
በግንቦት፦ ሥዕሉ በትልቅ ወረቀት ተሠርቶ ለጠቅላላ ጉባኤ ይቅረብ። ማንበብ የማይችሉ አባሎች እንዲከታተሉ በባቄላና በሽምብራ ፍሬ እየቈጠሩ ማሳየት ይቻላል።
ከነሐሴ እስከ መስከረም፦ በእርግጥ የፈጀው የሰው ቀን በየሳምንቱ ይመዝገብ።
ከመውቃት በኋላ፦ የታቀደውና የተፈጸመው ይነጻጸር፤ አኃዞቹም ለሚመጣው ዓመት ይታረሙ።

በመጀመሪያው ዓመት አኃዞቹ ሁሉ ትክክል ይሆናሉ ብሎ መጠበቅ አይገባም። በየዓመቱ እየተመዘገቡ ሲታረሙ ግን ማኅበሩ የራሱ የሆነና ከሌላ ሊያገኘው የማይችል መረጃ ይኖረዋል። የልማት ሠራተኞችም በእያንዳንዱ የዕቅድ ስብሰባ ላይ፣ ገና የሰብሎቹ ዋጋ ሳይነሣ፣ ዘንድሮ በቅድሚያ የሚያልቅብን ምንድን ነው? የሚለውን ጥያቄ እንዲያነሡ አጥብቀን እናሳስባለን።